ቤት ያፈራውን

ልጄ ሰባት ወር ሲሞላት ክንዷ ቢጫ ላይ አረፈ። ጤና ኬላው ውስጥ የሕፃናት ክንድ የሚለካበት ባለቀለም ጥብጣብ አለ፤ አረንጓዴው ደህና ነው፣ ቢጫው ያሰጋል፣ ቀዩ ሆስፒታል ያስተኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጅቱን ለካችና ሳልጠይቃት የእኔንም ክንድ ለካች።

«ጡትሽስ?» አለችኝ።

እውነቱን ነገርኳት። ከቀትር በኋላ ጡቴ ይደርቃል፤ ልጅቱ ትስበዋለች፣ ታለቅሳለች፣ ደክሟት ስትተኛም መሳቧን አትተውም።

የዚያን ዓመት ገብሳችንን በረዶ መትቶታል። ባለቤቴ ለቀን ሥራ ባሕር ዳር ወርዶ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የሚልከው አንዴ ይደርሳል፣ ሁለቴ ይቀራል። እኔ ከጋፋት ማዶ ባለችው መንደር ከአማቴ፣ ከባለቤቴ እናት ጋር ነበርኩ። የጤና ሠራተኛዋ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት በየወሩ አልሚ ዱቄትና ዘይት የሚሰጥበት መዝገብ እንዳለ ነገረችኝ። ስሜን ታስገባለች፤ ግን ኮሚቴው ቤት ድረስ መጥቶ ኑሯችንን አይቶ ካላጸደቀው አይሆንም።

ጥፋቱ እንግዲህ የእኔ ነው። ለአማቴ «ሐሙስ ከቀበሌ ሰዎች ይመጣሉ» አልኳቸው እንጂ ለምን እንደሚመጡ አስረግጬ አልነገርኳቸውም። ለእሳቸው ደግሞ በበራቸው የሚገባ ሁሉ እንግዳ ነው። መንገድ ጠፍቶት የሚጠይቃቸውን ሰው እንኳ ሳያበሉ አቅጣጫ አይነግሩም። ደግሞስ ቀኑን ረቡዕ ቢያደርጉት ምን ነበረበት? ጾሙ ያድነን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከምንጭ ስመለስ ሦስቱ የኮሚቴ ሰዎች ማለትም የጎጡ ሊቀመንበር፣ የግብርና ባለሙያውና የጤና ሠራተኛዋ መደቡ ላይ ተሰይመዋል። ፊታቸው የቀረበውን ሳይ እንስራው ከጀርባዬ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። እንቁላል በቅቤ ተጠብሷል። ጠላ ተቀድቷል። በቤታችን እንቁላልም ቅቤም ጠላም እንደሌለ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? አማቴ ገና ጎህ ሲቀድ መንደሩን ዞረው ከአንዷ ጎረቤት እንቁላሉን፣ ከሌላዋ ቅቤውን፣ ከሦስተኛዋ ጠላውን ለምነው አምጥተዋል።

«አፈር ስሆን! በሞቴ! ምን አለና፣ ቤት ያፈራውን ነው፣ ቅመሱ እንጅ!» ይላሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞሩ።

የጤና ሠራተኛዋ በዓይኗ «ምንድን ነው ይሄ?» አለችኝ። ምን ልበላት? «የጎረቤት ነው» ብል አማቴን በእንግዳ ፊት ማዋረድ ነው። ይሉኝታ አፌን ያዘው። ሊቀመንበሩ ጢሙን ጠርጎ ደብተሩን አወጣና «እናንተማ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤታችሁ ሙሉ ነው። ከእናንተ የባሰ ስንት አለ!» እያለ ጻፈ።

«አሜን! አሜን!» አሉ አማቴ፣ ፊታቸው በርቶ። ያ «አሜን» ስማችንን ከመዝገቡ እንደሚያስወጣው አላወቁም።

ሲወጡ እንደዚያ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም።

«እማማ፣ እነዚያ ሰዎች እኮ የመጡት ችግራችንን ሊያዩ ነው!»

«ችግርማ ለሰው ይታያል እንዴ? ገበና አይደል?» አሉኝ፤ ከልባቸው ገርሟቸው። «ታዲያ ደረቃቸውን ልሸኛቸው ኖሯል?»

ዝርዝሩ ሲነበብ ስማችን አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የጤና ሠራተኛዋ ግን ቅሬታ ማቅረብ እንደሚቻል ነገረችኝና አቀረብኩ። በማግሥቱ ልጅቱን ለማስለካት ስሄድ አማቴን ይዣቸው ሄድኩ። አውቄ ነው ያደረግሁት፤ በአፌ ከምነግራቸው በዓይናቸው ይዩት ብዬ። ፊደል ባይቆጥሩም ቀለም ያውቃሉ። ጥብጣቡ የልጅቷን ክንድ ሲዞር ጎንበስ ብለው አዩ።

«ቀዩ የቱ ጋ ነው?» አሏት የጤና ሠራተኛዋን።

አሳየቻቸው። ቢጫው ሊያልቅ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ ቀርቶታል። ወደ ቤት ስንመለስ አማቴ ልጅቱን አዝለው ቀድመውኝ ሄዱ።

ኮሚቴው ማክሰኞ ተመለሰ። ቤቱ ተጠርጓል፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለም። አማቴ ተቀበሏቸው፣ አስቀመጧቸው፣ ከዚያ እጃቸውን የሚያኖሩበት ጠፋቸው። ሁለቴ ብድግ አሉ፣ ሁለቴ ተቀመጡ። ምን እየታገሉ እንደሆነ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አንጀቴን በሉት። ሊቀመንበሩ ጎሮሮውን ጠርጎ ሊናገር ሲል ቀደሙት።

«ያን ቀን ያበላኋችሁ የጎረቤት ነው» አሉ። «እንቁላሉም፣ ቅቤውም፣ ጠላውም። ና ተነሥ፣ ልጄ።»

ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ። በእኛ አገር ባዕድ ሰው ጓዳ አይገባም፤ የሰው ጎታ ውስጥ ማየትማ ነውር ነው። እኔ ምራታቸው እንኳ እህል የማወጣው ከእሳቸው ፈቃድ አግኝቼ ነው። አማቴ ከትልቁ ጎታ ግርጌ ተንበርክከው የእህል ማውረጃ ቀዳዳው የተወተፈበትን ጨርቅ ነቀሉት። ምንም አልወረደም።

«እጅህን አግባ» አሉት።

«ይቅር እማማ፣ አምኛለሁ።»

«አይሆንም። እኔ አንዴ አፍሬያለሁ፤ አንተ ደግሞ ደህና አድርገህ እይ። አግባ!»

ሰውየው ተንበርክኮ እጁን እስከ ክርኑ አገባ። ያወጣው ትቢያና አንድ ሁለት ገለባ ነው። እጁን የት እንደሚጠርግ ግራ ገብቶት ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ አቀርቅሮ ወጣ። ደብተሩ ላይ ምን እንደጻፈ አላየሁም። ሦስቱም ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። አማቴ ከጓዳ አልወጡም። ገብቼ ሳያቸው ጨርቁን በእጃቸው ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ስለ ሐሙሱ ቁጣዬም ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

በሚቀጥለው ወር ዱቄቱና ዘይቱ መጣልን። ልጅቱ ገንፎውን እየበላች፣ እኔም የድርሻዬን እየበላሁ ጡቴ ተመለሰ፤ ከሦስት ወር በኋላ ክንዷ አረንጓዴ ሆነ። አሁን ሦስት ዓመቷን ይዛለች፤ ስትሮጥ የሚይዛት የለም፣ ምላሷማ የእኔን ያስንቃል።

አማቴ ግን እስከ ዛሬ ሊቀመንበሩን መንገድ ላይ ሲያዩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ። እሱም ከሩቅ ሲያያቸው ኮፍያውን ያወልቅና እንዳይቸገሩ ወደ ሌላው ዳር ይሻገራል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እንዲሁ ሆነ። ልጅቱ አያቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

«እማማ፣ ለምንድን ነው የምትሸፈኑት?»

«ፀሐዩ ነው፣ ልጄ» አሏት።

ነፍስ ስታውቅ ግን እነግራታለሁ፤ አያቷ ለእሷ ብለው አንድ ቀን በሰው ፊት አፍረዋል፣ እፍረቱ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም፣ አንድም ቀን ግን ምነው ባላደረግሁት አላሉም።