የሁለተኛው መደብ ችግኞች

ወርቂቱ ችግኝ ጣቢያው የደረሰችው ጤዛው ሳይረግፍ ነበር። ዕለቱ የእደላ ቀን ነው። ከሦስት ቀበሌ የተመዘገቡ ሴቶች ረፋዱ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዲላው የልማት ድርጅት የምትመጣው ባለሙያ ማርቲም በሞተር ሳይክል መንገድ ጀምራለች። ወርቂቱ ቀድማ የመጣችው ውሃ ለማጠጣት ነበር። ሁለተኛው መደብ መሃል ስትደርስ ግን እግሯ ተገታ።

አንድ የእንሰት ችግኝ ለጋ ቅጠሉን ደፍቷል። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ቢጫ ሆኗል። ከጎኑ ያለውም እንደዚያው። ግንዱን ሰብራ ወደ ብርሃን ያዘችው። ትንሽ ቆይቶ ከስብራቱ ላይ ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ ብቅ አለ።

ይህን ፈሳሽ አትስተውም። ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ አጠውልግ የሚሉት በሽታ ጓሮዋ ገብቶ እንሰቷን አንድ ሳያስቀር ፈጅቶባታል። እንሰት በሌለው ጓሮ ሦስት ልጅ ማሳደግን ታውቀዋለች፤ ጎረቤት ቆጮ ሲጋግር በሯን ትዘጋ ነበር፣ ሽታው ልጆቹን እንዳያስለቅስባት። ማርቲ ወደ ወረዳቸው ወደ ቡሌ መጥታ አሥራ አራት ሴቶችን በማኅበር ስታደራጅ፣ ችግኝ አፍልተው ለድርጅቱ እንዲሸጡ ስታስተምር፣ ከሁሉ ቀድማ የተመዘገበችውም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቢላ በእሳት ሳይለበለብ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው አይሄድም የሚል ነበር። የማኅበሩን ቢላ እንድትይዝ የተመረጠችው ደግሞ ወርቂቱ ራሷ ናት።

እዚያው ቁጢጥ እንዳለች ትዝ አላት። ከወር በፊት ጎረቤቷ ለጓሮዋ እንሰት ቢላውን ተውሳ በማግስቱ አጥባ መለሰችላት። ያብለጨልጫል። ዝናቡ መጣሁ መጣሁ ሲል ወርቂቱ እሳት ማንደድ ታከታትና በዚያው የሦስቱን መደብ ደረቅ ቅጠል ቆረጠችበት። አራተኛው መደብ ገና ብቅ ያለ ስለነበር አልነካችውም።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለች አሰፋች ከኋላዋ መጥታ። የሟች ባሏ እህት ናት፤ የማኅበሩም ሊቀመንበር።

ወርቂቱ ስብራቱን አሳየቻት።

አሰፋች አየችውና ወዲያው ወደ መንገዱ ዞረች። ሴቶቹ ገመድና አህያ ይዘው ዳገቱን እየወጡ ነው።

"ስንት ነው?"

"ያየሁት አራት።"

"ነቅለን ገደል እንጣለው። ሌላው ደህና ነው።"

"ደህና አይደለም። ገና አልታየም እንጂ ገብቷል። ቢላውን ሳልለበልብ ሦስቱንም ቆርጬበታለሁ፣ አሰፋች።"

አሰፋች ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። "ዛሬ ይህን ብትናገሪ ከእንግዲህ ከእኛ ችግኝ የሚወስድ አይኖርም። ድርጅቱም ጥሎን ይሄዳል። የአሥራ ሦስት ሴት ጉሮሮ መዝጋትሽ ነው፤ ሰማሽ? አፍሽን ያዢ!"

አራቱን ችግኝ ነቅላ በነጠላዋ ሸፈነችና ማርቲን ሳትጠብቅ እደላውን አስጀመረች። ወርቂቱ እንደተገተረች ቀረች።  ዝም ብትል ማን ያውቃል? ከወራት በኋላ ሲታመም ሰው አፈሩን ይረግማል እንጂ እሷን አይደለም።

የመጀመሪያዋ ተረካቢ ሲፈን የምትባል፣ ሕፃን ያዘለች ልጅ እግር ሴት ነበረች። ከሁለተኛው መደብ የተነቀለላትን እቅፍ አድርጋ ልትሄድ ዞረች።

"የት ልትተክያቸው ነው?" አለች ወርቂቱ፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

"ከአማቴ እንሰት ጎን። ያ ነው ያለን።"

ወርቂቱ ችግኙን ከእቅፏ ነጠቀችና መሬት ላይ ጣለችው። ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ።

"ማንም እንዳይወስድ! አጠውልግ ገብቶበታል። ያስገባሁት እኔ ነኝ።"

ጫጫታው በረታ። አንዷ "ከማለዳ ጀምሮ በእግሬ የመጣሁት ለዚህ ነው?" ብላ ጮኸች፤ ሌላዋ የወርቂቱን እናት አንስታ ሰደበች። ማርቲ ሞተሯን አቁማ የራስ ቁሯን ሳታወልቅ ስትደርስ ወርቂቱ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ቢላውንም፣ ዝናቡንም፣ ስንፍናዋንም። አሰፋች መሬት መሬት ታያለች።

 ማርቲ ከየመደቡ አንዳንድ ሰብራ አየች። ሦስተኛው ላይም ፈሳሹ ብቅ አለ፤ አራተኛው ላይ ግን ምንም አልታየም።

"እትዬ ወርቂቱ፣ ይህን ከአንድ ወር በፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ረስቼው ነበር ልጄ። ዛሬ ነው የታየኝ።"

ሦስቱን መደብ እስከ ማታ ነቅለው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። የሁለት ዓመት ድካም ነበር። ወርቂቱ የመጨረሻውን አፈር ስትመልስ ከማኅበሩ ሴቶች አንዷም አጠገቧ አልቆመችም። ቢላውም ለሌላ ሴት ተሰጠ።

አራተኛውን መደብ አጥረው ለወራት በየሳምንቱ መረመሩት። ድርጅቱ አልጣላቸውም፤ ማርቲ ለአለቆቿ ምን እንዳለች ግን ማንም አልሰማም። በቀጣዩ በልግ ከተመዘገቡት ግማሹ ብቻ ንጹህ ችግኝ አገኙ፤ ሲፈን ከእነሱ አንዷ ነበረች። የቀሩት አጉረመረሙ።

አሰፋች በእነዚያ ወራት ሁሉ ከወርቂቱ ጋር አልተነጋገረችም። በበልጉ እደላ ማግስት ግን የቆጮ ሸክሟን አዝላ በወርቂቱ ደጅ ስታልፍ ቆም አለች።

"ገበያ አትወጪም?"

"እወጣለሁ።"

"ቶሎ በይ እንግዲህ፤ መንገዱ ሳይጨቀይ።"

ወርቂቱ ነጠላዋን ብድግ አድርጋ ወጣች።