ያልተተከለው ቅንጭብ

ሰሞኑን ቡራዩ ከምኖርበት ግቢ ጎን ፎቅ ቤት ተሠራ። መስኮቱ ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን ቅባት አሽቼ ፀሐይ የምሞቅበት በርጩማ ላይ ቁልቁል ያፈጣል። ይባስ ብሎ እኔ ስወጣ መጋረጃው ይዘጋል። ማየቱ አልበቃ ብሏቸው ደግሞ ይጸየፉኛል ብዬ ተናደድኩና መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ወጣት ዘንድ ሄድኩ። ቶሎ አድጎ የሚከልል ነገር ስጠኝ ስለው ከጥዱ ጀርባ ቅንጭብ ጎትቶ አወጣ።

«ማዘር፣ ይኼን እንኳን ሰው ፍየልም አያልፈው» አለኝ።

ሳየው እጄን ሰበሰብኩ።

ያደግኩት ሰበታ ነው። የእኛንና የኦቦ ገመቹን ግቢ የሚለየው ጉልበት የማይደርስ የድንጋይ ካብ ብቻ ነበር። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ጨጨብሳ ሲሠሩ ሳህኑ በካቡ ላይ ይሻገራል። እናቴም የሰው ሳህን ባዶውን አትመልስም፤ ሌላው ቢጠፋ ቆሎ ጣል ታደርግበታለች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት አባቴን ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ ምላሱም ተሳሰረ። ፋብሪካ ውስጥ ፎርማን ነበር፤ ሸሚዙ ሳይተኮስ ደጅ የማይወጣ ሰው። ቤታችን ቀዝቃዛ ስለሆነ እናቴና እኔ ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥተን እናጥበዋለን። እሱ ታዲያ ዐይኑን ከካቡ አይነቅልም። የሰው ኮቴ የሰማ ሲመስለው በደኅናው እጁ ፎጣውን እየጎተተ ያለቅሳል።

በዚያው ሰሞን በእኛ በኩል ያለው የኦቦ ገመቹ መስኮት ተዘግቶ ቀረ። እናቴ «በሽታችን አስጠላቸው» ብላ ቂም ያዘች፣ ሳህኑም መመላለሱን ተወ። ማንንም ሳታማክር አባትሽን የሚከልል አጥር እንትከል አለች። ጥድ ዓመታት ይፈጃል፤ ባሕር ዛፍ የራሳችንንም ጎመን ያደርቃል፤ ቅንጭብ ግን ቆርጠው ቢሰኩት ይበቅላል። ሰኔ ሲገባ በተፍኪ መንገድ ሄጄ አመጣሁ።

ግማሹን ሰክቼ ሳለሁ ኦቦ ገመቹ ዶማ ይዘው ከካቡ ማዶ ቆሙ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። «የዚህ ወተት ዐይን እንደሚያጠፋ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«የልጅ ልጄ እዚህ ካብ ላይ ሲወጣ ሲወርድ እንደሚውልስ?»

ያን ቀን ደመና ስለነበር አባቴን ቤት ውስጥ ስታጥብ የነበረችው እናቴ እጇን ሳታለቀልቅ ወጣች።

«ምን በደልናችሁ?» አሏት። «በደል ካለ ሽማግሌ ይስማን። ቅንጭብ በልጅ ላይ አይተከልም። አንቺ ካልነቀልሽው እኔ እነቅለዋለሁ።»

እናቴ ምክንያቱን ብትናገር የአባቴን ገመና አደባባይ ማውጣት ሆነባት፤ ባትናገር ጉርብትናው እዚያው ማለቁ ነው። ኦቦ ገመቹ ዶማቸውን አነሱ። እኔ ቅንጭቡ ፊት ቆምኩ።

ያኔ ከኋላችን በሩ ተንቋቋ። አባቴ ፎጣ እንዳገለደመ፣ ሳሙናው ደረቱ ላይ እንዳለ፣ መቃኑን ተደግፎ ቆሟል። ከታመመ ጀምሮ ቃል ያልወጣው ሰው አፉን እየታገለ «ለኔ… ነው» አለ።

ኦቦ ገመቹ ዶማውን ጥለው ወዲያው ጀርባቸውን ሰጡን። ፊታቸውን ወደ ቤታቸው እንዳዞሩ ቆመው ቀሩ። አዴ ጫልቱ ከበራቸው ሆነው መሬት መሬት እያዩ ለእናቴ ተናገሩ።

«ያን መስኮት እኮ የዘጋነው እሳቸው እንዳያፍሩ ብለን ነው። ታጥበው እስኪገቡ ልጁንም ከቤት አላስወጣውም።»

እናቴ ካቡ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ ቅንጭቡን ነቅለን ጉድጓድ ውስጥ ቀበርነው። በምትኩ አንዱን ረድፍ ስሚዛ ኦቦ ገመቹ በእሳቸው በኩል፣ አንዱን እኔ በእኛ በኩል ተከልን። ስሚዛ ማንንም አይጎዳም፤ ክረምቱም ረዳንና ቶሎ ተጋጠመ። እናቴ መሃሉ ላይ ሳህን የሚያሳልፍ ክፍተት አስተወችን።

ከችግኝ ሻጩ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋትም በርጩማዬን ይዤ ስወጣ የፎቁ መጋረጃ ተዘጋ። እኔን ላለማየት ይሁን እኔን ላለማሳፈር አላውቅም። ቆሎ ቆልቼ ሳህን ላይ አድርጌያለሁ፤ ጉልበቴ ትንሽ ይሙቅና በራቸውን አንኳኳለሁ።