ቀኑን ተሳስቼ የገባሁበት ክፍል

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ተነሥቻለሁ። ስናገር እንባ ስለሚቀድመኝ ጽፌው መጣሁ፤ መጻፉም ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጌታ ይባረክ።

ከባለቤቴ ከተስፋአለም ጋር ከአስመራ ስንመጣ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ መምህር ነበርኩ። አማርኛውን ያገኘሁት አዲስ አበባ ካደገችው እናቴ ነው። እዚህ አዲስ አበባ፣ አብነት አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየን። ብዙም ሳንቆይ ተስፋአለም በኩላሊት ሕመም ተኛ። ሐኪሙ የምንችለውን አድርገናል አለኝና አንገቱን ደፋ። ባሌን ቀበርኩት።

በዚያን ጊዜ እግዚአብሔርን በስም እንጂ በልቤ አላውቀውም ነበር። የዲግሪዬ ዋና ወረቀት እዚያው አገር ቀርቷል። በመርካቶ ዙሪያ ያላንኳኳሁት የትምህርት ቤት በር የለም፤ ሁሉም ወረቀቱን ይጠይቁኛል፣ ሲያጡት ይሸኙኛል። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ሶማሌ ተራ ሱቅ አላቸው። እዚያ እንድሠራላቸው ለመኑኝ። እኔ መምህር ነኝ አልኳቸው። አልተቀየሙም፤ እንጸልይ አሉኝ። ባሌን ያላዳነ አምላክ ሥራ ይሰጠኛል ወይ ብዬ ጮኽኩባቸው።

እሳቸውም ባል የቀበሩ ናቸው። "ልጄ፣ አኩርፊው፤ እኔም አኩርፌው አውቃለሁ" አሉኝ። "ግን ኩርፊያሽን ለራሱ ንገሪው።"

በመጨረሻ አንድ ትምህርት ቤት፣ አስተምሬ እንዳሳያቸው ኅዳር አሥራ አራት ቀጠረኝ። እኛ አገር የወሮቹ ስም ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ቀኑን የምንቆጥረው ግን እንደ ፈረንጆቹ ነው። እኔም ስልኬ ላይ ያለውን የአገሬን ኅዳር አይቼ ሄድኩ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "ጌታ ሆይ፣ ካለህ አንድ ክፍል ስጠኝ" አልኩት።

ጥበቃው መዝገቡን አገላብጦ፣ "እህቴ፣ ሰው አርፍዶ ሲመጣ ነው የማውቀው፤ አንቺ በዘጠኝ ቀን ቀድመሽ መጥተሽ ከመዝገቤ ጋር ልታጣዪኝ ነው?" አለኝ። ዳይሬክተሯም ወጥተው ያንኑ ነገሩኝ። አፈርኩ። ልመለስ ዞር ስል ከአንዱ ክፍል የልጆች ጫጫታ ሰማሁ። ምን ሆነው ነው አልኩ። የሒሳብ መምህራቸው ምጥ ይዟት ጠዋት ሐኪም ቤት መሄዷን ነገሩኝ።

ወንድሞች፣ ያን ድፍረት ከራሴ አላመጣሁትም። "ቀኑን ተሳስቻለሁ፤ ሒሳቡን ግን አልሳሳትም። ያስገቡኝ" አልኳቸው።

ዳይሬክተሯ በሩን ከፈቱልኝ።

አምስተኛ ክፍል ነው፤ ክፍልፋይ ላይ ደርሰዋል። በሩ ጥግ የተጣለ ካርቶን አነሣሁና እኩል እኩል ቀድጄ አከፋፈልኳቸው። አንዲት ልጅ፣ "ቲቸር፣ ግማሹ ከሦስት ስድስተኛው ጋር እኩል ነው!" ብላ ሁለቱን ደራርባ አሳየችኝ። ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ዳይሬክተሯ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ሲያበቃ፣ "ወረቀቱን አብረን እንከታተላለን። መምህሯ እስክትመለስ ግን እነዚህ ልጆች የእርስዎ ናቸው" አሉኝ።

ጓሮ ሄጄ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ። ኩርፊያዬን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ፣ "ጌታ ኢየሱስ፣ ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ነኝ" አልኩት። ክብር ለስሙ ይሁን። ማታ እትዬ ዘነበች ሲሰሙ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ባሌ አልተመለሰልኝም። አሁንም እሑድ ከዚህ ስወጣ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። ወረቀቴም ገና አላለቀም፤ የብቃት ፈተና እቀመጣለሁ፣ ብወድቅ ደግሜ እቀመጣለሁ። ጌታ ግን ከእኔ ጋር ነው፣ ይባረክ።

በመካከላችን በሐዘን ወይም በስደት በሩ የተዘጋበት ሰው ካለ፣ በዚህ ጌታ ታመን እለዋለሁ። ልብህ እስኪስተካከል አትጠብቅ፤ እንዳኮረፍክ ና። እኔ እንደዚያ ነው የመጣሁት። ነገ በሁለት ሰዓት ልጆቼ ይጠብቁኛል።