ለወንድሜ ወንበር የገዛሁት ኢንሹራንስ

ጂንካ፣ ሐሙስ ንጋት 12 ሰዓት

ጂንካ ገና አልነቃችም። የነቃነው ዶሮዎቹ፣ ሁለት ባጃጆችና እኔ ነን። ካደርኩበት ሆቴል ሥር ያለችው የመኪና ኪራይ ቢሮ ከመጥበቧ የተነሳ ተከራይ ሲገባ አከራይ መውጣት አለበት። የቢሮዋ ሠራተኛ ምሕረት ነጠላዋን እንደተከናነበች ለእኔ ብላ በማለዳ ከፍታለች። ሾፌሩ ኢያሱ በር ላይ ቆሟል፤ የጂንካ ልጅ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ። መኪናዋ ነጭ ላንድክሩዘር ናት፤ ዕድሜዋን ቢጠይቋት የምታፍር።

ጉዳዬ ቀላል ነው። ታናሽ ወንድሜ ታሪኩ ኦሞራቴ ታሟል። ትናንት በጠዋት ጎረቤቶቹ አዲስ አበባ ደውለው "ትንሽ አሞታል፣ ብትመጣ ጥሩ ነው" አሉኝ፤ ከጂንካ የሚወስደኝን መኪናም እነሱው በስልክ አነጋገሩልኝ። ከሰዓት አውሮፕላኑ ጂንካ ጣለኝ። አሁን ሄጄ ታሪኩን ወደ ጂንካ ሆስፒታል ላመጣው ነው። የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው። ለአንድ ሳምንት ሥራ ብሎ ኦሞራቴ የወረደው ፀጉሩ ጫካ በነበረበት ዘመን ነው፤ አሁን አናቱ ላይ አውሮፕላን ያርፋል።

"ሦስተኛ ወገን ከመኪናው ጋር አለ፤ የሾፌሩም አለ" አለች ምሕረት። "ተጨማሪው የተሳፋሪ ነው፣ በወንበር ነው የሚገዛው። ይፈልጋሉ?"

እኔ ኢንሹራንስ አልወድም። ሳይታመሙ ለሐኪም መክፈል ይመስለኛል። የአንድ ወንበሩ ዋጋ ደግሞ ሁለት ሰው ጥሩ ምሳ ያበላል።

"እኔን ተዪኝ" አልኳት። "እኔ ብሞት የሚከስረው የሰፈሬ ግሮሰሪ ብቻ ነው። ስንመለስ ግን ወንድሜ አለ፤ በሽተኛ ነው። የእሱን ጻፊ።"

ምሕረት ኢያሱን አየችው። ኢያሱ ጫማውን አየ።

"ጋሼ፣ ለራስዎ ይግዙ" አለ። "የወንድምዎን እዚያ ስንደርስ እናየዋለን።"

"እዚያ ማን ሊሸጥልኝ? አዞ?"

"አይ… ምናልባት ለመምጣት ላይመቸው ይችላል ብዬ ነው።"

"ካልተመቸው አዝዬው እመጣለሁ። ሾፌር ሁሉ 'ግዙ፣ ግዙ' ሲል አንተ 'አትግዙ' ትላለህ፤ ከኩባንያው ጋር ተጣልታችኋል?"

አልሳቁም። ምሕረት ዝቅ ባለ ድምፅ "የእርስዎን ብቻ ልጻፍ?" አለችኝ። እንቢ አልኩ። ግትርነቴ በቤተሰባችን የታወቀ ነው፤ አንዴ ከበቅሎ ጋር ተከራክሬ ይቅርታ የጠየቀችው በቅሎዋ ናት። የታሪኩን ስም ነገርኳት። ግማሹን ጽፋ እስክሪብቶዋ ቆመ።

"ቀለም አልቆ ነው" አለች። ቀጥላም በዚያው እስክሪብቶ ጨረሰችው።

ቀይ አፈር፣ 2 ሰዓት ተኩል

የገበያ ቀን ነው። ማር በቅል፣ ቅቤ በቅጠል፣ የትንባሆ ጥፍጥፍ፣ ፍየል በገመድ፣ ፍየል ያለ ገመድ። የበናና የፀማይ ጎረምሶች በርጩማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ይንጎራደዳሉ፤ የትም ቦታ ወንበራቸው ከእነሱ ጋር ነው። ፓስቲ በሻይ በላሁ። ፓስቲው ጎማ ቢሆን ኢያሱን ኦሞራቴ አድርሶ ይመልሰው ነበር።

ከገበያው ስንወጣ ከብቶች መንገዱን ሞሉት። ኢያሱ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ።

"አንዱን ብንገጭ ኢንሹራንሱ ይከፍላል?" አልኩት።

"የበሬውን ዋጋ ምናልባት። ግን በሬው ስም አለው ጋሼ። ባለቤቱ ዘፍኖለታል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ሰውየው አዝኖ እስኪወጣለት እዚያው ነን። ለሐዘኑ የሚከፍል ኢንሹራንስ የለም።"

ዛሬ ከዚህ ልጅ አፍ የወጣው ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። ተናግሮ ሲጨርስ ደግሞ የጸጸተው መሰለ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ዲመካ፣ 5 ሰዓት

ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። ኤሊ በቀኝ በኩል አልፋናለች ብል ትንሽ ነው የማጋንነው።

አንዲት የሐመር ሴት ደጅ ቁጭ ብለን ሸፈሮ ጠጣን፤ የቡና ገለባ የተፈላበት ትኩስ መጠጥ ነው፣ በትልቅ ቅል ይቀርባል። ኢያሱ በሐመርኛ አንድ ነገር ነገራት። ሴትየዋ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ልከፍል ብር ሳወጣ እጄን በእጇ ገፍታ መለሰችው።

"ለመልኬ ነው የማረችኝ" አልኩት።

"ይሆናል ጋሼ።"

መኪናው ውስጥ ስንገባ "እንፍጠን እንጂ፣ በሽተኛ እኮ ነው የሚጠብቀን" አልኩት። "እንደርሳለን" አለና በዚያው ፍጥነት ነዳ። ሬዲዮ አልከፈተም። ጎኔ ተቀምጦ የሚነዳውን ሰው አየሁት። በሽተኛ ሊያመጣ የሚሄድ ሾፌር እንዲህ አይነዳም።

ቱርሚ፣ 6 ሰዓት ተኩል

ከኦሞራቴ ዓሣ ጭኖ የሚመለስ አይሱዙ ፊት ለፊታችን ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ መጣ። አላውቀውም፤ አያውቀኝም። በመስኮቱ በኩል እጄን በሁለት እጁ ይዞ "አይዞዎት" አለኝ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ሄደ።

ከጂንካ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያውቁ ነበር። ምሕረት ታውቃለች፣ የሸፈሮዋ ሴትዮ ታውቃለች፣ አይሱዙው ያውቃል። መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም፤ ለሾፌርም አይፈቀድለትም። ስለዚህ ኢያሱ ሊነግረኝ አልቻለም፤ ባዶ ለሚመለስ ወንበር ገንዘቤ እንዳይወጣ ብቻ ታገለልኝ። እኔ ደግሞ ስለ አዞ ቀለድኩበት።

"እህ፣ በሕይወት አለ?" ብዬ ልጠይቀው እችል ነበር። አልጠየቅኩም። ካልጠየቅኩት ታሪኩ እስከ ኦሞራቴ ድረስ በሽተኛ ነው። ስለዚህ የጠፍጣፋው ሜዳ ሙቀት ዝንብን በበረራ ላይ ይጠብሳል እያልኩ፣ እንዲህ ያለ ነገር አወራሁ። ኢያሱ በየመሀሉ "እ" ይላል።

ኦሞራቴ፣ 8 ሰዓት ተኩል

የታሪኩ ግቢ ከወንዙ ብዙ አይርቅም። ድንኳን የለም፤ የሚያለቅስ ሰው የለም። ብዙ ሰው ግን ተቀምጧል፤ ዓሣ አጥማጆች፣ ነጋዴዎች፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ አቶ ጴጥሮስ። ናኩዋ የሚባለው የዳሰነች ሰው፣ ወንድሜ ጀልባውን ሲጠግንለት የኖረ፣ ከሁሉም ፊት ተነስቶ ተቀበለኝ።

"ቁጭ በል" አለኝ። "ውሃ ጠጣ። መጀመሪያ ውሃ።"

ጠጣሁ። ፊቴን አስታጠቡኝ። ዝም ካልኩ እንደሚነግሩኝ ገባኝ፤ ስለዚህ ማውራት ጀመርኩ። ታሪኩ በልጅነቱ የአባታችንን ሬዲዮ ፈታትቶ ሲገጥም ሦስት ብሎን እንደተረፈው፣ ሬዲዮው ግን ከድሮው የበለጠ እንደጮኸ ነገርኳቸው። ዋና ሳይችል ጀልባ ላይ ስለኖረ ወንዙ ራሱ እንደሚፈራለት ነገርኳቸው። ሌላ፣ ሌላም ነገርኳቸው። ማንም አላቋረጠኝም። ማንም አልሳቀም። ሁለት ጊዜ አቶ ጴጥሮስ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ድምፄን ጨመርኩ፤ እሳቸውም መልሰው ዘጉት።

ኢያሱ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘ።

"ጋሼ" አለ። "ይበቃል።"

ዝም አልኩ።

"ታሪኩ ትናንት ንጋት ላይ አረፈ" አሉ አቶ ጴጥሮስ። "ሙቀቱ እርስዎን አላስጠበቀንም። ማታውን ቀበርነው።"

ናኩዋ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ጮኸ። ከዚያ ግቢው በሙሉ። ከትናንት ጀምሮ፣ እኔ ሳልሰማ እንዳይለቀስ ብለው፣ ያ ሁሉ ሰው ለቅሶውን ይዞልኝ ነበር።