ሽማግሌው የሰጡን ሜዳ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ለዘጠኝ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። አንድ ለአምስት እየተባለ የምንሰበሰብበት ዘመን ነበር። በከተማዋ ከጠላ ቤትና ከቤተ ክርስቲያን ግቢ በቀር ሰው አረፍ የሚልበት ቦታ አልነበረም። ተማሪዎቼ የሚያጠኑት አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብለው፣ የጭነት መኪና አቧራ እያለበሳቸው ነው። ይህን አንድ ስብሰባ ላይ አብዝቼ ተናገርኩና የመናፈሻ ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጉኝ።

የተመረጠው ቦታ ከከተማው በታች ያለ ሜዳ ነው፤ ግማሹ ቦረቦር የበላው፣ ግማሹ የአካባቢው ገበሬዎች የወል ግጦሽ። ገበሬዎቹ እሺም እንቢም ሳይሉ የአንድ ሽማግሌ አፍ ይጠብቁ ነበር። ሽማግሌው ልጆቻቸው ለሥራ መተከል ወርደው ቀርተውባቸው፣ ከሚስታቸውና ከአንዲት ላም ጋር ይኖራሉ። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄጄ ሳይመልሱልኝ ቀሩ። በሦስተኛው ጊዜ ቀንበር ሲጠርቡ ደረስኩ።

«ላሟን ምን ላብላት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ከብት አይገባበትም እንጂ ሣሩ የእናንተው ነው፣ አባባ። አጭዳችሁ ትወስዳላችሁ።»

«ነገ ሌላ ሹም መጥቶ መሬቱ የኔ ነው ቢልስ?»

«አይልም። በቃለ ጉባኤ ይጻፋል።»

መጥረቢያቸውን አስቀመጡና አዩኝ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ወረቀቱን አላውቀውም፤ አንተን ግን አውቅሃለሁ» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባው ላይ ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው «እኔ ሰጥቻለሁ» አሉ። የቀሩትም ተከተሏቸው።

ተማሪዎቹ ቦረቦሩን በድንጋይ ካቡት። ዋንዛ፣ ወይራ፣ ብሳና ተከልን። በበጋ ከወንዙ በጀሪካን ውኃ እያመላለስን አጠጣን። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ገበሬዎቹ ሣሩን ዕጣ እየተጣጣሉ አጨዱት። ሽማግሌው ማንም ሳይሾማቸው ጠባቂ ሆኑ። በሦስተኛው ዓመት ቦረቦሩ አፈር ይዞ ለመለመ፤ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ መምጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ሽማግሌው ከድንጋይ በሠራነው መቀመጫ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ሰው ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ አይቼ ደስ ያለኝ ዛሬ ነው» አሉኝ።

በአራተኛው ዓመት ለክረምት ትምህርት ባሕር ዳር ከርሜ ስመለስ፣ ሣሩ መሀል ችካል ተተክሎ አገኘሁ። ቦታው ለመጋዘን ተሰጥቷል። የወረዳው መሬት ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ። ኃላፊው ትሑት ወጣት ነበር፤ ቃለ ጉባኤውን ፈልጎ አጣው። «ለመናፈሻው ሌላ ቦታ ይፈለግላችኋል» አለኝ።

መጮኽ እችል ነበር። ግን ባለቤቴ ፍኖተ ሰላም ነበር የምትሠራው፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ እየተገናኘን ስንኖር ሦስተኛ ዓመታችን ነው። የዝውውር ጥያቄዬ እዚያው ወረዳ ግቢ ውስጥ ፊርማ ይጠብቃል። ተማሪዎቹ «አቤቱታ እንጻፍ» ሲሉኝ፣ «እናንተ ለፈተናችሁ አጥኑ» አልኳቸው።

ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት ሽማግሌው ቤቴ መጡ። ደጄን ሲረግጡ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

«ዛፉን ሊነቅሉት መኪና አቁመዋል። ና እንሂድ።»

«አባባ፣ ነገሩ ከዐቅሜ በላይ ሆነ።»

«ዐቅም መቼ ጠየቅሁህ? አብረን እንቁም ነው ያልኩህ።»

ደብተሬን አነሣሁ። ጥቂት ጠብቀውኝ ሄዱ። ጋቢያቸው በአጥሩ ጥግ እስኪሰወር ድረስ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ ከዚያ ወደ ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ብቻቸውን እስከ ቀትር ከማሽኑ ፊት ቆመው እንደዋሉ፣ በኋላም አንድ የጎረቤት ልጅ ክንዳቸውን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ዳር እንዳወጣቸው ማታ ሰማሁ። አልታገሉትም አሉ።

ያን ሰሞን ላማቸውን ፈረስ ቤት ከተማ ወዳለ ዘመዳቸው ሰደዷት። የኔም ዝውውር በኅዳር ተፈረመ። ልሰናበታቸው ብሄድ ሚስታቸው ከደጅ ተቀብለው «ተኝተዋል» አሉኝ። ከውስጥ ሲያስሉ ይሰማኛል። «ደኅና ይሁኑ በሉልኝ» ብዬ ተመለስኩ።

ማረፋቸውን የሰማሁት በዓመቱ፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ካገኘሁት የድሮ ተማሪዬ ነው። መንገዱ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ለቅሶ ግን አልደረስኩም። በሚስታቸው ዐይን ፊት መቀመጥ አልቻልኩም።

መጋዘኑ ተሠርቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው አሉ። እኔ አላየሁትም። ቡሬ በሄድኩ ቁጥር አውቶቡሱ ውስጥ ሜዳው በማይታይበት በኩል ነው የምቀመጠው። ባለቤቴ አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ፀሐዩን ሸሽቼ ነው አልኳት።