የቢያዝን ቀይ ጠመኔ

ባለቤቴ ቢያዝን ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ መርምሯል። ከሥሩ መብራት ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አቡጀዲውን እየሳበ፣ ክር የሳተበትን ቦታ ሁሉ በቀይ ጠመኔ ይከብበዋል። የተከበበው ተቆርጦ ይወጣል፤ ይግባኝ የለም።

እኔ ሽመና ክፍል ነበርኩ። ልንጋባ ሦስት ሳምንት ሲቀረን የእኔኑ ጨርቅ ከበበብኝ። አንዲት ማግ ዘላ ነው እኮ! ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ እኔም እስከ ሠርጋችን ዋዜማ አላናገርኩትም። ከፈረቃ ስንወጣ በጣና ዳር እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነን ወደየቤታችን እንሄድ ነበር። ያ ኩርፊያ እንኳ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ዘንድሮ ቢያዝን ሰገራው ላይ ደም አየ። ታላቅ ወንድሙ ይትባረክ የሞተው በአንጀት ካንሰር ነው፤ ዘግይቶ ነው የታወቀበት። ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ ቀኑን ሙሉ ይቀመጥ ጀመር። እኔም ፈራሁ።

አንጀቱን ሊመረመር ሆስፒታል በሄድንበት ቀን ምርመራ ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ሐኪሟ ዶክተር ዜማ ኋላ ነገረችኝ። ማደንዘዣው ቀላል ስለነበር፣ በቀጭን ቱቦ የገባው ባለ መብራት ካሜራ የሚያሳየውን አንጀቱን በስክሪኑ ላይ እያየ ነበር። ምስር የማያህሉ ሦስት እጢዎች ተገኙ።

«ሦስቱንም ቁረጫቸው፣ ልጄ» አላት።

«ቆይ ጋሼ፣ መብራቱን ልቀይረው።»

ነጩ ብርሃን ሰማያዊና አረንጓዴ ሆነ። በእጢዎቹ ላይ ያሉት የደም ሥሮች እንደ ድርና ማግ ተለይተው ወጡ።

«የእነዚህ የሁለቱ ሥሮች ጠቁረዋል። ቆይተው ካንሰር ሊሆኑ ስለሚችሉ አወጣቸዋለሁ። ይቺ ግን ምንም አታመጣም፤ ትቀመጥ።»

«እንከን አይታለፍም!»

«እንከንስ ናት፤ ግን አትጎዳዎትም።»

ስክሪኑን ትክ ብሎ አየና «እንግዲያው ትለፍ» አላት።

ሲወጣ እጁን ያዝኩት።

«ሁለቱን አወጡልኝ» አለኝ። «አንዷን አሳለፍኋት።»

እንባዬ መጣ። በሕይወቱ ምንም አሳልፎ የማያውቅ ሰው!

በባጃጅ ስንመለስ ጣና ታየን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጽጌ» አለኝ፤ «ያችን ጨርቅሽንም ማሳለፍ ነበረብኝ።»

«አሁን ነው የታየህ?» አልኩትና ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። እጁን ግን አልለቀቅኩም።