ጥፍር መቁረጫዬን የነፈግኳት ልጅ

ፖሊሶች የያዙኝ ዶሃ፣ ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ የሚባለው ሰፈር፣ ከምኖርበት ፎቅ ወርጄ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ነው። ከምሠራበት ከማዳም ቤት ከወጣሁ ወዲህ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ የሚያድስልኝ አልነበረም። ያስገቡኝ የእስር ክፍል የኤሲው ቅዝቃዜ አጥንት ድረስ የሚገባ፣ መስኮቱ ከራስ በላይ ነበር። አራት ሐበሾች ነበርን፤ ሩዙ ሲመጣ ከአንድ ትሪ እንበላለን።

በሦስተኛው ቀን ደም ወሰዱ። ነርሷ ሄፓታይተስ ቢ የሚባል የጉበት ቫይረስ እንዳለብኝ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ሆዴ ወሬ አይችልም፤ ተመልሼ ለሁሉም ተናገርኩ። ክፉ ቃል የወጣው ሰው የለም። «እግዜር ይማርሽ» አሉኝና ድርሻዬን በትንሽ ሳህን ለብቻ አወጡልኝ። ከጎኔ የምትተኛው ልጅ ፍራሿን ጎትታ ወደዚያኛው ግድግዳ ወሰደች። ከመታሰሬ ይልቅ ያ ሳህን አመመኝ።

በዕድሜ የሚበልጡን፣ እትዬ የምንላቸው ሴት ተነስተው አጠገቤ ተቀመጡና ከሳህኔ ጎረሱ። ረቡዕ ስለነበር ዶሮውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው ሩዙን ብቻ ነው የበሉት። በሰው ቤት ሲሠሩ ዘጠኝ ዓመት ያስታመሟቸው ባባ፣ ሽማግሌው አሠሪያቸው፣ ይኸው ቫይረስ ነበረባቸው። ሽማግሌው ጆሯቸው ስለማይሰማ ሐኪሙ ሁሉን የሚያስረዳው ለእትዬ ነበር።

«አብሮ በመብላት አይተላለፍም» አሉ። «በደም ነው፣ በግንኙነት፣ ሲወለድም ከእናት። እኔ ተከትቤያለሁ፤ እናንተም ተመርምራችሁ ትከተባላችሁ፣ ኸላስ፣ አለቀ። ይልቅ ያ ጥፍር መቁረጫ የማን ነው?»

የእኔ ነበር። ሁላችንም ስንዋዋሰው ሰንብተናል። ማንኪያ ፈርተን፣ ቆዳ የሚያደማውን ስንቀባበል ነበር ለካ። 

በማግስቱ ከእትዬ ጋር ምሳ ስበላ ያቺ ፍራሿን የጎተተችው ልጅ መጣች። ጥፍሯ ተሰንጥቆ ኖሮ መቁረጫውን እንዳውሳት ጠየቀችኝ። እንደማትጸየፈኝ ልታሳየኝ መሆኑ ገባኝ። ልቤ ስጫት ስጫት አለኝ። በሰው ቤት ስኖር ስለ ምንም ነገር «የእኔ ነው» ብዬ አላውቅም።

«አይሆንም የእኔ እናት» አልኳት። «ይሄ የእኔ ብቻ ነው። ቢ አለብኝ።»

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ቁጭ አለችና እጇን ሳህኔ ውስጥ ከተተች።

«ያላ፣ ብዪ እንጂ» አለችኝ፣ አፏ ሩዝ ሞልቶ።

ዛሬ ከእስር ወጥቼ፣ ወረቀቴ ተስተካክሎ እዚሁ ዶሃ እሠራለሁ። በየስድስት ወሩ እመረመራለሁ፤ ጉበቴ ደህና ነው ይሉኛል። እሷም አገሯ ገብታ ተመርምራ ነጻ ሆነች፣ ተከተበችም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እምቢ ብያለሁ። እንደ እሷ ከመውደዴ የተነሣ እምቢ ያልኩት ሰው ግን የለም።